አደራ፣ ሐጂ እንዳይሰሙ

የታካሚን መብት እንደማክበር ያለ ትልቅ ነገር የለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል ደግሞ በዚህ አይታማም። መብት ሲያከብር ባለመብቱን እንኳን አይረብሽም።

ሐጂ ሙኽታር ሆዳቸውን ታመው ከአሊዩ አምባ መጡ። እጢ ተገኘ። ለልጃቸው ለዓብዱ ኮሪደር ላይ ተነገረው፤ ለሐጂ ግን እንዳይደነግጡ "ጨጓራ ነው" ተባሉ። እሳቸውም አልደነገጡም። ብቻ በማግስቱ ዘመድ አዝማዱ በሁለት አባዱላ ተጭኖ መጥቶ፣ እህታቸው ሁስና ወደ ግድግዳው ዞራ ስትንሰቀሰቅ፣ "ለጨጓራ?" አሉ በልባቸው።

ኦፕራሲዮን ካልተደረጉ ብዙ አይቆዩም። ቤተሰቡ ደግሞ "በዚህ ዕድሜያቸው አይንገላቱ፣ አገራቸው ይግቡ" አለ። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ተቀመጠ። ሐጂ ዘመዶቻቸው ይሄን ሁሉ ሲንሾካሾኩ ሰምተዋል። ጥምጣማቸውን አሰሩ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ፣ ከዘራቸውን ይዘው ስብሰባው ላይ ከተፍ አሉ።

ሐኪማቸው ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር፤ ቤተሰቡን ወክሎ ከተቀመጠው ከዓብዱ በቀር የሚያውቃቸው የለም። ሰብሳቢው አቶ ወልደአረጋይ ብድግ አሉ።

"ይግቡ አባት! የቤተሰቡ ሽማግሌ ነዎት አይደል? በሰዓቱ ደረሱ!"

ዓብዱን ላብ አጠመቀው። "አባቴ ናቸው" ቢል፣ እንዳይነገራቸው የተባለው ሊነገራቸው ነው። እንደ እንግዳ ወንበር ሳበላቸው።

"ውይይታችን የታካሚውን ፍላጎት ማዕከል ያደረገ ነው" አሉ ሰብሳቢው። "ችግሩ፣ ፍላጎታቸውን የሚያውቅ ጠፋ።"

"መጠየቅ ነዋ!" አሉ ሐጂ።

"ኧረ ነውር ነው! ይደነግጣሉ።"

የሕግ ባለሙያዋ ወይዘሮ ወለተሐና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሕጉ ያለ ታካሚው ፈቃድ ምንም አይደረግም ይላል። ስለዚህ ሳያውቁ የሚፈቅዱበትን አግባብ እያፈላለግን ነው።"

"ለመሆኑ ሐጂን በደንብ ያውቋቸዋል?" አሉ ሰብሳቢው።

"አብረን ነው ያደግነው።"

"ቢጠየቁ ምን የሚሉ ይመስልዎታል?"

ሐጂ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ቸከል አደረጉ። "'ቅደዱኝና ልዳን! ገና የምድራት ልጅ አለችኝ' ይላሉ። ደግሞ ዓብዱ የሚባለውን ልጃቸውን ሲያገኙት ጆሮውን ይቆነጥጡታል።"

ዓብዱ ጆሮውን ያዘ።

ኮሚቴው አጨበጨበ። ሕክምናው እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው ሽማግሌውን በክብር እስከ በሩ ሸኟቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አደራ አባት፣ ሐጂ እንዳይሰሙ።"

"ወላሂ፣ ከኔ አፍ አይሰሙም!" አሉ ሐጂ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጨጓራቸውን ሊታመሙ ወደ አልጋቸው ተመለሱ።