አልጣበቅ ያለው የታክሲ በር

ውሃ መጣ ሲባል ሐረር ውስጥ የማይሮጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የባለቤቴን መርዶ የሰማሁትም እየሮጥኩ ሄጄ ነው። ኤረር በር ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ጎረቤቴ ፋጡማ መጣችና «ውሃ መጥቷል፣ ቤት እንሂድ» ብላ ዘንቢሌን ተቀበለችኝ። ፋጡማ ሰው ካገኘች የራሷን ዘንቢል እንኳ አታነሳም፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ባልዲዬ ነው። ስደርስ ሽማግሌዎች ግቢዬ ውስጥ ቆመዋል። ቧንቧው ደረቅ ነው።

ባለቤቴ ታደሰ እህቱን ሊጠይቅ ድሬዳዋ በሄደ በማግስቱ፣ እንደተኛ ልቡ ቆመ። የሄደ ዕለት አልሸኘሁትም። ተኳርፈን ነበር። በምን? በቀለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታደሰ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቶ፣ ጉልበቱ ሲደክም መኪናውን ሸጠ። የእህቱ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ያልተገጣጠመች የፕላስቲክ መኪና በካርቶን አመጣለት። የእጅ መዳፍ የምታህል ናት፤ ቅርጿ የድሮ ታክሲውን ትመስላለች። በሩ ለብቻ፣ ጣሪያው ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ። ቀብቶ በሙጫ መግጠም ነው። እኔ «ቀይ ቀባት» አልኩት። ሲነዳ የኖረው ሰማያዊ ነው፤ አሁን እንኳ ቢለውጥ ምን አለበት? «እሺ» አለኝ። የታደሰን እሺ የምታውቀው ሚስቱ ናት። ከሳምንት በኋላ ሳየው ሁሉም ሰማያዊ ሆኗል። «አንድ ቀን እንኳ ያልኩህን ሞክረህ ታውቃለህ?» አልኩት። ዝም አለ። የመጨረሻ ንግግሬ ይኸው ነው። እሱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ሥራ እንዳለው ሰው ድስት አንኳኳሁ።

አርባው ሲቃረብ መኪናዋን ልገጥማት ቆረጥኩ። በተዝካሩ ቀን ከፎቶው አጠገብ ትቁምለት ብዬ ነው። ሌላ ይቅርታ መጠየቂያ ከየት ላምጣ? ሙጫውን ቀባሁ፣ በሩን አስጠጋሁ፣ እስከ መቶ ቆጠርኩ፣ ለቀቅኩት። ወደቀ። ሙጫ ጨመርኩ። ወደቀ። ጣሪያው ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ታትሞ ቀረ፣ በሩ ግን ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ «አሁንም አልታረቅም ነው የምትለኝ?» አልኩት። ሐዘን እንዲህ ነው፣ ከበር ጋር ያነጋግራል።

ይህን የሰማችው ፋጡማ ከነካርቶኔ ወንድሟ ዘንድ ወሰደችኝ። አው ዩሱፍ (አው የሐረር «ጋሼ» ነው) ፈላና በር አጠገብ ጄሪካን የሚጠግኑ ሰው ናቸው። በሩን አገላብጠው አዩና ሳቁ።

«እህቴ፣ ሙጫሽ የያዘው ቀለሙን ነው። ይሄ ሙጫ አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፤ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ካልተገናኘ ወላሂ አይዝም። ጠርዙን በምላጭ ፋቂው።»

ፋቂው? የሐረር ሰው ቀለም ሲፍቅ ማን አይቷል? ፋሲካ ሲመጣ እኛ፣ ረመዳን ሲመጣ እነ ፋጡማ፣ በአሮጌው የግድግዳ ቀለም ላይ አዲስ እንደርባለን። የእኔ ሳሎን በየዓመቱ የሚጠበው በዕቃ ብዛት ብቻ አይመስለኝም። ደግሞስ የታደሰን የመጨረሻ ቀለም በምን እጄ እፍቃለሁ? ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ፊቱን ንኪ ማን አለሽ?» አሉኝ። «የሚደበቀውን ጠርዝ ብቻ ነው። ከተጣበቀ በኋላ አላህና አንቺ ናችሁ የምታውቁት።»

እዚያው ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጬ ምላጩን ያዝኩ። ቀስ ብዬ ፋቅኩ። ሰማያዊው ተነሳ። ከሥሩ ነጩ ፕላስቲክ ይመጣል ስል ቀይ መጣ።

ፋጡማ አጎንብሳ አየችና «ሱብሃነላህ፣ ይሄ ሰውዬ ቀይ ቀብቷት ነበር» አለች።

ሌላኛውን በር ፋቅኩ። ቀይ። የጣሪያውን ጠርዝ ፋቅኩ። ቀይ። ለካ ሁሉንም እንዳልኩት ቀብቶ፣ አይቶ፣ አልጥም ብሎት፣ ሳይነግረኝ ሰማያዊ ደርቦበታል። ሞክረህ ታውቃለህ ስለው ለምን ዝም እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። «ሞክሬው አስጠላኝ» ቢለኝ ኩርፊያው ዓመት እንደሚዘልቅ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አለቀስኩ፤ አልቅሼ ስጨርስ ሳቅ መጣብኝ። አው ዩሱፍም ጄሪካናቸውን አስቀምጠው አብረውኝ ሳቁ።

ቀዩንም ፍቄ ነጩ ላይ ስደርስ በሩ ያዘ። እስከ መቶ መቁጠር እንኳ አላስፈለገኝም።

ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች «ተይው፣ አታንሺው፣ ሌላ ነገር አስቢበት» ይላሉ። በላዩ ቀቢበት ማለታቸው ነው። እኔ ግን ትንሽ ፋቁ እላለሁ፤ ጠርዙን ብቻ። ምክሬ ለግድግዳ አይሠራም። የእኔን ሳሎን ብትፍቁት ቤቱ የቆመው በቀለሙ መሆኑ ይታወቃል።

አርባው እሑድ ነው። መኪናዋ ከፎቶው አጠገብ ቆማለች፤ ሰማያዊ ናት፣ ጣሪያዋ ላይ አውራ ጣቴ አለበት። የምታነቡ ሁሉ ክርስትና ስሙን ወልደ ገብርኤል ብላችሁ ጸልዩለት። እንደ ፋጡማ «አላህ ይርሐመው» የምትሉም በሉለት፤ ታክሲው ውስጥ ያልጫነው ሰው የለም። ሰማያዊው እንደሚያምር ግን ለታደሰ እንዳትነግሩብኝ። እሱን ስንገናኝ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።