ክብርት «ይደር» እና ድረ ገጻቸው

የምስራች። «ምስር ብላ» እስክትሉኝ አልጠብቅም፤ እምቢ ተብሏል። ማን ማንን እምቢ እንዳለ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ሴትየዋን ላስተዋውቃችሁ።

በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ቤተሰብ ማንም ያልሾመው የገንዘብ ሚኒስትር አለው። የሰው ኪስ ከባለኪሱ በላይ የሚያስጨንቀው ሰው ማለት ነው። የእኛ ቤት ሚኒስትር ታላቅ እህቴ ናቸው። «ናቸው» ያልኩት ለማዕረጉ ነው፤ ቤት ውስጥ «እትዬ» ነው የምላት። ዕድሜዋን ሙሉ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጣ የሰው ገንዘብ ስትከፍል ኖራ ጡረታ ወጣች።

የመንግሥታቸው ፖሊሲ አንዲት ቃል ናት፤ «ይደር»። ጫማ ልግዛ ስላት፣ «ይደር»። ቴሌቪዥኑ ሞተ፣ አዲስ እንግዛ ስንል፣ «ይደር»። አደረ፤ ጠዋት ሶኬቱ ተነቅሎ ተገኘ። ባሏ ላግባሽ ያላት ዕለት እንኳ «ይደር» ብላ ነው የሸኘችው። ሰውዬው ዐይኑ ቀልቶ በማግስቱ ሲመለስ «አሁን እሺ» አለችው።

ጡረታ ማረፊያ ነው ሲባል፣ እሷ ኮምፒውተር ተምራ የገንዘብ አያያዝ የሚያስተምር ድረ ገጽ ከፈተች። ለልጆች የሙዳይ ጨዋታ፣ ለወጣቶች የመጀመሪያ ደሞዝ፣ ለአረጋውያን በትልልቅ ፊደል ስለ ስልክ አጭበርባሪዎች። የእኔ ሥራ መሞከር ነው። «አንተ ከገባህ ለማንም ይገባል» ትላለች። ገጹ ዕድሜ ሲጠይቀኝ ሃምሳ ሁለት ልል ስል እጄን ያዘችኝ።

«ከሰባት እስከ አሥር የሚለውን ተጫን።»

«እትዬ፣ የልጆች አባት እኮ ነኝ።»

«የደሞዝህን አያያዝ አይቻለሁ። ተጫን።»

ሙዳዩ ሳይሞላ ከረሜላ ገዝቼ ወደቅሁ።

ችግሩ አንባቢ ጠፋ። እኔ፣ ባሏ፣ ደግሞ እኔ። እናታችንማ «የባንክ ነገር ራሴን ያመኛል» ብላ ስልኩን ትገፋዋለች። ትናንት እትዬ ገጹን ልትዘጋው ተነሣች። «ለማን ብዬ ነው?» አለች። «ይደር» አላለችም። ያስፈራኝ እሱ ነው። እኔው «ይደር» አልኳት።

አደረ። ዛሬ ጠዋት እማዬ ቤት ተቀምጠን ስልኳ ጮኸ። ጆሮዋ ደከም ስላለ የምታወራው በድምፅ ማጉያው ነው፤ ሁላችንም ሰማነው።

«እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ሽልማት ደርሶዎታል። ለማስፈጸሚያ ትንሽ ገንዘብ ይላኩልኝ፤ ከምሳ ሰዓት ካለፈ ይቀርብዎታል።»

ለጣሪያ ማሠሪያ ያጠራቀመችው ሁሉ ያለው እዚያው ስልኳ ላይ ነው። እትዬ ልትነጥቃት ብድግ አለች። እማዬ በእጇ መለሰቻት።

«እሺ ልጄ፣ ይደር» አለችው።

«አይሆንም እማማ፣ ዛሬውኑ ነው።»

«የሚያጣድፍ ገንዘብ የሌባ ነው ተብሏል። ካላደረ እምቢ።»

ዘጋችበት።

«ማን ነው ያለሽ?» አለች እትዬ፣ እንደቆመች።

«ያንቺው ገጽ ነዋ። እናንተ ስትሄዱ ነው የማየው። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ያለ መነጽር ይነበባል።»

ክብርት ሚኒስትር ወደ ጓዳ ገብተው የታጠበ ብርጭቆ ደግመው ሲያጥቡ ቆዩ። ሲመለሱ ዐይናቸው ቀልቷል። «ፊደሉን ትንሽ ልጨምርበት መሰለኝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ደግሞ ለሰው ለማውራት አትቸኩል። ይደር።»

ይቅርታሽን እትዬ፣ ይሄስ አያድርም። ፀጉር አስተካካዬ ትናንት «ሽልማት ደርሶኛል፤ ነገ ማስፈጸሚያውን እልካለሁ» ሲለኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ልድረስበት።