ወፍ የጠፋ ዕለት

አታምኑኝም። ቁሐር ሚካኤልን ብዬ ብምል እንኳ አታምኑኝም፤ የሚያውቁኝ የአገሬ ሰዎችማ «እሱ በሬ ሞተ ካለ ዝንብ ነው» ይላሉ። ቢሆንም ልንገራችሁ።

የፎገራ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ከወፍ ጋር ሲካሰስ የሚኖር ፍጡር ነው። የእኛ አገር ወፍ ደግሞ እንደ ሌላው አገር ወፍ እንዳይመስላችሁ። ሩዝ ከለመደ ወዲህ ጤፍ ቢያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። ይፋግ ገበያ ላይ ሩዝ ተወደደ ሲባል ከነጋዴው ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ይህን ጠላቴን አንድ ቀን «እባክህ ና» ብዬ እለምነዋለሁ ብሎ ማን ያስባል? ለመንሁት። ከነሚስቴ፣ ከነጎረቤቴ ለመንሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ብርቱካን ወረታ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ለወላጆች ስብሰባ ብቻ ነው፤ እሷ ግን የሮቦት ቡድን አለቃ ናት። ይህንንም እኔ ሳወራ የምትጽፍልኝ እሷ ናት፤ ስዋሽ ብዕሩን ታስቀምጣለች። ሮቦት ማለት፣ እኔም ጠይቄ ነው፣ ሳይበላ የሚሠራ ሠራተኛ ነው። የእነሱ ከአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ ከባትሪና ከቆርቆሮ የተሠራ ሆኖ፣ ወፍ ሲያይ ክንዱን አንሥቶ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ጎበዜ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ጎበዜ ግን አምና አዋርዶናል። ባሕር ዳር ለውድድር ሄዶ ዳኞቹ ፊት እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። የዘንድሮው ውድድር ሲቃረብ ታዲያ ከወረዳ ቁርጥ ያለ ነገር መጣ፦ አንድ የትምህርት ኃላፊ ማሳ ላይ ቆሞ ጎበዜ ወፍ ሲያባርር በዓይኑ ካላየ ቡድኑ አይሄድም፤ መሥሪያ ክፍላቸውም የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ይሆናል። ማሳው የእኔ ሆነ። ብርቱካን እህል አልወርድ አላት። መምህሯ ዳዊት፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የፊዚክስ አስተማሪ፣ የራሱን ጥፍር በልቶ ጨርሶ የእኔን ማየት ጀመረ።

እኔም ጭንቅ ሲለኝ ነገሩን ለሰፈሩ አወራሁ። ስሕተቱ ይኸው ነው። «ነገ እንግዳ ይመጣል፤ ይህ ወፍ እንዳያሳፍረን» አልሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ የጎረቤት ማሳ ሲቸገር ቆሞ የሚያይ የለም፤ አረሙንም ወፉንም በወንፈል ነው የምንወጣው። ጎህ ሲቀድ ወንጭፍ የያዘ፣ ጅራፍ የያዘ፣ ድስት የያዘ ሁሉ ማሳዬን ከበበ። የሰፈራችን አዛውንት እማማ የሺ የወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ወጥተው አንድ ጩኸት ለቀቁ፤ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፈ በሽተኛ ሰምቶ ተነሥቶ ሮጠ ይባላል። (ብዕሩ ተቀመጠ። እሺ፣ አልተባለም።)

ኃላፊው ሲደርስ ከማሳዬ እስከ ጣና አንዲት ወፍ የለችም።

«የታሉ ወፎቹ?» አለ ሰዓቱን እያየ።

«ይመጣሉ ጌታው» አልሁ። አልመጡም። ብርቱካን ጥርሷን ነክሳ «አባ፣ ምን አደረጋችሁ?» አለችኝ።

«ረዳናችኋ!»

ያን ጊዜ ነው ልመናው የተጀመረ። ከጎተራ የአምናውን ሩዝ አምጥቼ እንደ ዶሮ ጥሬ በተንሁት፤ ከነሚስቴ ከነጎረቤቴ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ወፍን በአባት በእናቱ ለመንሁ። ኃላፊው ወደ መኪናው ፊቱን ሲያዞር፣ ከሐይቁ በኩል አንድ መንጋ ከተፍ አለ። ጎበዜ አንገቱን አዞረ። አየ። አሰበ። ሲያስብ ትንሽ ይቆያል። ክንዱን ሊያነሣ ሲል፣ «ሆ!» አለ አገሩ ሁሉ።

ማን አዘዘን? ማንም። ወፍ ሩዝ ላይ ሲያርፍ እያየ አፉን የሚይዝ የፎገራ ሰው ገና አልተወለደም። እኔ ራሴ ጮህሁ! መንጋው ሄደ፤ ጎበዜም ለባዶ ሰማይ ቆርቆሮውን አንኳኳ።

ብርቱካን ወደ ኃላፊው ሮጠች። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሩዙን ስላዩ ይመለሳሉ» አለች።

ኃላፊው ዞሮ ተመለከተን። «እንግዲያው ሁላችሁም እጃችሁን አፋችሁ ላይ!»

ሰፈሩ አፉን ያዘ። ጾም ከባድ ይመስላችኋል? እስኪ ይህን ሞክሩት! እኔ ጋቢዬን ነከስሁ። ወፎቹ ተመለሱ፤ አረፉ፤ በሉ። እያየሁ በሉ! ጎበዜ አሰበ። አሁንም አሰበ። የእማማ የሺ ዓይን እንባ አቀረረ። በመጨረሻ ክንዱ ተነሣ፦ ቋ! ቋ! ቋ! መንጋው ብን አለ።

«ሂዱ፣ ተፈቅዷል» ብሎ ኃላፊው የብርቱካንን እጅ ጨበጠ። መምህር ዳዊት ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። «ግን» አለ ኃላፊው ሳቁን እየዋጠ፣ «ይህ ማሽን ሲያስብ ይቆያል። አስቦ እስኪጨርስ ባሕር ዳር ላይ ማን ይጮህላችኋል?»

እማማ የሺ እጃቸውን ከአፋቸው አነሡ፤ ሲጮሁ አርፍደው ድምፃቸው ሻክሯል።

«መኪናው ስንት ሰው ይጭናል?»