ሐይቁን የሞላው ዓሣ

[የዓሣ ሀብት ቢሮ። ነገ ዳይሬክተሩ ተራራው አናት ላይ ካለው ሐይቅ ዓሣ ሊያጠምዱ ይመጣሉ። «ሊቁ» የሚባለው የቢሮው ባለሙያ የአቀባበሉ ሰሌዳ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ይስላል። የእህቱ ባል፣ የቢሮው ሹፌር፣ የቀለም ቆርቆሮ ይዞለታል።]

ሹፌሩ፦ እኔ ግን ትንሽ ፈገግ ቢል እላለሁ።

ሊቁ፦ ዓሣ አይስቅም አልኩህ።

ሹፌሩ፦ እንግዳ ተቀባይ ነው ብዬ ነዋ፣ ጋሼ። አሁን ፊቱ ቤቱ አማቱ የመጣችበት ይመስላል።

ሊቁ፦ ያንተ አማት የኔ እናት ናት።

ሹፌሩ፦ ታዲያ ፊቱን ከየት አወቅኩት?

ሊቁ፦ ዝም ብለህ ያዝ። ይህ ዓሣ ታሪክ ያለው ነው። በአያቶቻችን ዘመን በወተት ቆርቆሮ ተጭኖ፣ በበቅሎ ነበር ተራራ የሚወጣው። ኋላ ደግሞ ከአውሮፕላን ሐይቅ ላይ ይዘንብ ጀመር።

ሹፌሩ፦ ዣንጥላ አስረውለት?

ሊቁ፦ እንዲሁ ነው የሚበተነው።

ሹፌሩ፦ ምስኪን። ቀድሞስ ሐይቆቹ ውስጥ ምን ነበር?

ሊቁ፦ እንቁራሪት።

ሹፌሩ፦ አሁንስ?

ሊቁ፦ እንቁራሪት በልቶ የወፈረ ዓሣ።

ሹፌሩ፦ አቤት የሚል እንቁራሪት ጠፋ?

ሊቁ፦ ጮኸው ነበር። የሚጮኹት ግን ማታ፣ ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሹፌሩ፦ ሐይቁ ያን ሁሉ ዘመን ያለ ዓሣ ሲኖር ምን ጎደለው?

ሊቁ፦ ዳይሬክተር። ነገ እሳቸው አንድ ዓሣ ካወጡ ምክትላቸው እኔ ነኝ። ካላወጡ እዚሁ ቀለም ስቀባ ጡረታ እወጣለሁ።

ሹፌሩ፦ ዓሣው መኖሩን ግን በዓይንህ አይተሃል?

ሊቁ፦ በየወሩ ተራራውን እየወጣ የሚያያቸው ከኔ ሌላ ማን አለና? አምና ሐይቁ ውስጥ ያስገባናቸው የዓሣ ጫጩቶች ዛሬ ክንዴን አክለዋል። ገና ኮቴዬን ሲሰሙ ዳር ድረስ ወጥተው ይቀበሉኛል። ለዳይሬክተሩም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ።

ሹፌሩ፦ [ቆርቆሮውን አስቀምጦ እጆቹን ወደ ላይ ይዘረጋል] ተመስገን። ዛሬ ገና እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው።

ሊቁ፦ ምን ሆነህ ነበር?

ሹፌሩ፦ አምና ጫጩቶቹን የጫንኩት እኔ ነኝ አይደል? መኪናው ደግሞ ከሐይቁ ከሚወርደው ፏፏቴ ሥር አያልፍም። ያን ሁሉ በርሜል ተሸክሜ ገደል ከምቧጥጥ፣ ትራውት ሽቅብ ይዋኛል ብለህ ስታስተምር ሰምቼ ነበርና፣ እዚያው ታች ወንዙ ውስጥ ለቀቅኳቸው። «ቀጥ ብላችሁ ውጡ» ብዬ መንገዱንም አሳይቻቸዋለሁ።

ሊቁ፦ [ብሩሹ ከእጁ ይወድቃል] ፏፏቴው እኮ አሥር ፎቅ ያህላል።

ሹፌሩ፦ እኔንስ ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀኝ እሱ አይደል? አንተ በየወሩ ካየሃቸው ግን ወጥተዋል ማለት ነው። [ቆርቆሮውን መልሶ እያነሳ] አይዞህ ጋሼ። ላንተ ዳር ድረስ የወጡ ዓሦች ለዳይሬክተሩማ መኪናው ድረስ ይወርዳሉ።