ደጃች አጎናፍር ሰርጌን ሊያፈርሱ ሲሉ

ሰው ሹመት ሲሸተው መጀመሪያ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ጫማውን የሚያስወለውል? የለም፤ አያቱን ከመቃብር ይቀሰቅሳል። የሌላውን አገር አላውቅም፤ እኛ ሰቆጣ ግን በጃንሆይ ዘመን ለአለቅነት የታጨ ሰው ምን እንደሠራ ሳይሆን የማን ልጅ እንደሆነ ነበር የሚጠየቀው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባል የለ? በቅሎ የሌለው ሰው እንኳ ይቺን ተረት ሲተርት ልጓም የጨበጠ ይመስለው ነበር። መቼም አያት የሌለው ሰው የለም፤ ችግሩ አያት ሁሉ ደጃዝማች አለመሆኑ ነው። ደግነቱ ይህን ጉድለት ትንሽ ጠጅና የሰላ ምላስ ይሞሉታል።

ያን ጊዜ እኔ የተማሪ ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ የቀኛዝማች ወልዴን ልጅ ሙሉነሽንም አጭቼ ነበር። አጭቼ ስላችሁ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ፤ ስሟ ሲጠራ ጠመኔ ከእጄ የሚወድቅ ሰው ነበርኩ። ሰርጉ ከጥምቀት ወዲያ ተቆርጧል፣ ከእኛው ቆላ ከዝቋላ ፍየሎች ተነድተው መጥተዋል፣ በሁለቱም ቤት ጠጁ ተጥሏል። በደንባችን ሰባት ቤት ያልሞላ ዘመድ አይጋባምና ሽማግሌ ሲላክ ዘር ተቆጥሮ ነበር። ያኔ አባቴ ግራዝማች አድማሱም ቀኛዝማችም እንዴት ያሉ ትሑታን እንደነበሩ! አንድም ደጃች ሳይጠሩ ሰባት ሰባት ገበሬ ቆጠሩና ተለያዩ። የሁለታችንም ቤት ንስሐ አባት መምሬ ኃይሉ ጣታቸውን እያጠፉ ሰምተው «ይጋቡ» አሉ።

በዚህ መሀል መሬት ሊለካ ነው፣ አዲስ ግብር ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። የአገሩ ትላልቅ ሰዎች «ርስታችን አይነካ፣ የአባቶቻችን ደንብ አይፍረስ» ብለው ማኅበር አቆሙ። መቼም የአባቶችን ደንብ የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ አባት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ መሪ መሆን የሚሻ ሁሉ ቆሞ ዘሩን ይቁጠር ተባለ።

የተሰበሰቡት ቀኛዝማች ግቢ ነበር። አንዱ ተነስቶ ከአንድ ራስ ይወለዳል፣ ሌላው ተነስቶ ያንኑ ራስ በእናቱ በኩል ይሻማል። ቀኛዝማች በተራቸው ቆጥረው ቆጥረው በአምስተኛው ቤት ደጃች አጎናፍር ላይ አረፉ። ሰው አጨበጨበ። እኚህ ደጃች በእኛ አገር ያልወለዱት ሰው እንግዳ ብቻ ነው። አባቴ ግን ጭብጨባው አቃጠላቸው። ብርሌያቸውን ጨልጠው ተነሱና ያን ሁሉ ገበሬ ዘለው፣ እሳቸው ደግሞ በአራተኛው ቤት ደጃች አጎናፍር ላይ ወጡ። በአንድ አያት ቀደሙ ማለት ነው። ወዲያው «ሊቀ መንበር ግራዝማች አድማሱ!» ተባለ። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ያላጨበጨቡት መምሬ ኃይሉ ብቻ ነበሩ፤ ጣታቸው ሥራ ይዟል። አጥፈው ሲጨርሱ ቀና ብለው፦

«ግራዝማች፣ ሹመት ያዳብር» አሉ። «ሰርጉ ግን ፈርሷል።»

ከአንድ ደጃች በአራትና በአምስት የሚገናኙ ሰዎች ልጆቻቸውን ሊያጋቡ! አባቴ ኋላ ወደ መምሬ ቤት ሄደው ነገሩ የጠጅ ቆጠራ ነበር ብለው ቢለማመጡም አልሆነም። በአደባባይ የተቆጠረ ዘር በጓዳ አይፈታም አሏቸው።

እኔ እህል አልበላ አለኝ። ሙሉነሽ ወሬውን ስትሰማ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ የተናገረችው ነገር ነበር፤ ለዘመድም ለባዳም ስለማይሆን አልጽፈውም። ወደ እኔ የላከችው በአማርኛ ነው፦ አባትህ ወይ ደጃቹን ይተዉ ወይ እኔን። አባቴ ደግሞ ሊቀ መንበርነቱን ገና አልጠገቡትም። ያ ሁሉ ሰው ብድግ ብሎ እጅ ሲነሳቸው ከርሞ፣ አሁን ምን ብለው ይመለሱ? ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ እናቴን አላስችላት አለ።

«እርስዎ የሞተ አያት ሲፈልጉ፣ ያልተወለደ የልጅ ልጅ ሊያጡ ነው» አለቻቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ እዚያው ቀኛዝማች ግቢ፣ አባቴ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው ተነሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ያለፈው ጊዜ የቆጠርኩት ሐሰት ነው» አሉ። «አያቴ ጨው ጫኝ ነበሩ። ደጃች አጎናፍር ደጅ የደረሱት አሞሌ ሊያራግፉ ነው።»

አፈርኩም፣ ኮራሁም፤ እንደዚያ ቀን አባቴን ወድጄአቸው አላውቅም። ቀኛዝማች ቀስ ብለው ሲነሱ ሊሰድቧቸው ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ግራዝማች ብቻቸውን አይዋረዱም፣ የኔም አያት በዚያው ቤት በቅሎ ጠባቂ ነበሩ አሉ። ከዚያማ የአንደኛው አያት ድንኳን ተካይ ሆኑ፣ የሌላው እንጨት ፈላጭ፤ ዘር እንደ ወጣው ሁሉ ሲወርድ ደግሞ ሽሚያ ሆነ። ሊቀ መንበርነቱን ያገኙት ያን ቀን ጉንፋን ይዟቸው የቀሩ አንድ ፊታውራሪ ናቸው፤ አያታቸውን ያላወረዱ እሳቸው ብቻ ነበሩና።

ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ ሁለቱ አባቶች ተቃቅፈው ሳለ የመምሬ ኃይሉ ድምፅ ተሰማ። ጨው ጫኙ አገራቸው ወዴት ነበር ብለው ጠየቁ።

«ዝቋላ» አሉ አባቴ፣ ልባቸው በደስታ እንደቀለጠ።

«አይ ዘመን! የእኛም አያት እኮ ከዚያው ናቸው» አሉ ቀኛዝማች።

ሳቁ ቆመ። መምሬ ቀኝ እጃቸውን አውጥተው አውራ ጣታቸውን አጠፉ። ሙሉነሽ ከጓዳው በር ላይ አየችኝ፤ እኔም ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። የሙሉነሽ እናት ያን ጊዜ ለሰርግ የተጣለውን ጠጅ እንስራ ከፈተችና በትልቁ ብርሌ አፍ እስከ ገደፉ ሞልታ፣ «ይቅመሱልን አባ» ብላ በዚያችው በምትቆጥረው እጃቸው ላይ አኖረችው።

አንዱን ሲጨርሱ ሌላ ቀዳችላቸው። ብርሌ በያዘ እጅ ደግሞ ዘር አይቆጠርም።