ጋሽ በሺር፣ ወይዘሪቷና የሐረጎ ኩርባ

በየከተማው ከእሱ በኋላ የሾፌር ዘር የጠፋ የሚመስለው አንድ ሰው አለ። ጎንደርም አለ፣ ጅማም አይጠፋም። ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። መሪ ሳይዝ ይጠመዝዛል፣ ፍሬን ሳይኖረው ወለሉን ይረግጣል፣ ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ሲወርድ "አመሰግናለሁ" አይልም። ሾፌሩን ከላይ እስከ ታች እያየ "አላህ ነው ያደረሰን" ይላል።

የእኛው፣ የደሴና የኮምቦልቻው፣ ጋሽ በሺር ይባላሉ። ክቡርነታቸው ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። የሌላው ከተማ ሰውዬ ያለው አፍ ብቻ ነው፤ የእኛው ግን መኪናም አላቸው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

መኪናዋ በፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ ዓመታት አሥመራ ላይ ለእሽቅድምድም የተሠራች ጣሊያን ናት። ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ጣሪያ የላትም፣ የፊት መስታወቷ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፣ በሯ ጉልበት አይደርስም። ቀይ ነበረች ይባላል፤ ፀሐይ መትቷት አሁን የጡብ መልክ ይዛለች። ጋሽ በሺር "ወይዘሪቷ" ይሏታል፤ ሰባ ዓመት ሙሉ አላገባችም። በወጣትነታቸው ኮምቦልቻ ጋራዥ ሲሠሩ፣ አለቃቸው የነበረው ጣሊያናዊ መካኒክ አገር ለቆ ሲሄድ ነው የተወላቸው። በደርግ ጊዜ እንዳትወረስ ሰባት ዓመት ጭድ ተከምሮባት ኖራለች። ቀበሌ በመጣ ቁጥር "የበሬ ቀለብ ነው" ይሉ ነበር። በሬ ኖሯቸው አያውቅም።

"ያ ጀማዓ! መኪና በመሪ አይዞርም!" ይህን ሳይሉ ቁርስ አይበሉም። "መሪ ለጎማው ሐሳብህን መንገሪያ ነው። የሚያዞራት ነዳጅ ነው!"

አንድ ቀን ምንተስኖት የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ መውረድ ጀመረ። ጋሽ በሺር ጋቢና ነበሩ።

"ወራጅ አለ!" አሉ።

"ጋሼ፣ እዚህ ገደል ላይ?"

"ገደሉን በእግሬ ብወርደው ይሻለኛል። ዜሮ ላይ ያለ መኪና መኪና አይደለም፣ የሚንከባለል ድንጋይ ነው!"

ወረዱ። የቀሩት ተሳፋሪዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ጥቂት አሰቡበትና አራቱ ተከትለዋቸው ወረዱ። ምንተስኖት እስከ ዛሬ ጋሽ በሺርን ሲያሳፍር ገና ከደሴ መናኸሪያ ሳይወጣ ለሐረጎ የሚሆነውን ማርሽ ያስገባል።

የሰልዋና የሙዓዝ ሰርግም አለ። ሙዓዝ ለሰርጉ ወይዘሪቷን ለመነ፤ ጋሽ በሺርም ፈቀዱ። ሙሽራው ሱፉን ለብሶ ሲመጣ ግን ወንበሩ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ የሾፌር፣ አንዱ የሙሽሪት። "አብሽር፣ አንተ በሚኒባስ ተከተለን" አሉት። ሙሽሪት ኮምቦልቻ ደርሳ ሙሽራዋን ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። የፀጉሯ ሥራ ሐረጎ ላይ ቀርቷል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ስለ ሰርጓ ስታወራ ስለ ሙዓዝ የምታነሣው መጨረሻ ላይ ነው።

እኔም ተሳፍሬያታለሁ። ሐረጎ ጫፍ ስንደርስ ቆሙ፣ ሞተሩን አዳመጡ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና ቁልቁል ለቀቋት። የወይዘሪቷ ማርሽ እንደ ዛሬ መኪና ዝም ብሎ አይገባም። ፍሪሲዮን ረግጠህ ወደ ዜሮ ታመጣለህ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀህ በነዳጅ ሞተሩን ታስጮሃለህ፣ እንደገና ረግጠህ ታስገባለህ። አንዷን ከዘለልክ ካምቢዮው ጠጠር እንደ ገባበት ወፍጮ ይንጫጫል። እሳቸው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በቀኝ እግራቸው ጣት ፍሬኑን፣ በተረከዙ ነዳጁን እየረገጡ ነው።

"ፍሬን ቀጥታው መንገድ ላይ ነው!" ይጮሃሉ። "ኩርባ ውስጥ ፍሬን የሚነካ ሰው ኑዛዜውን ጽፎ ይምጣ!"

ኩርባው መሃል ነዳጅ ሲሰጧት ኋላዋ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። እሳቸው መሪውን በተቃራኒው ትንሽ መለስ ያደርጉና ይጠብቋታል። እሷም ጥቂት አመንትታ ትመለሳለች። እኔ በዚህ መሃል የሞቱ ዘመዶቼን በየስማቸው ጠራሁ። ሰው እንዲህ ሲነዳ ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ እውነቱን መደበቅ ነውር ነው።

ወይዘሪቷ ፍሬቻ የላትም። ስለዚህ ጋሽ በሺር ሊታጠፉ ወይም ሊቆሙ ሲሉ እጃቸውን ወደ ውጭ ያነሣሉ። እኛ አገር ደግሞ የተነሣ እጅ ሰላምታ ነው። ከፊት የሚመጣው ባጃጅ መንገድ መሃል ቀጥ ይላል።

"ወዓለይኩም ሰላም ጋሼ! ቤተሰብ ደህና?"

"ልታጠፍ ነው!"

"አልሐምዱሊላህ! ልጆች ደህና?"

"ወላሂ ልታጠፍ ነው!"

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መታጠፊያ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በመጨረሻ ተሸነፉና ምልክቱንም ሰላምታውንም አንድ ላይ መስጠት ጀመሩ። ከተማውም ወይዘሪቷ በምትወጣበት ቅዳሜ ሁሉ ከእሷ ሰላምታ መቀበልን ለመደ። ዘንድሮ የመጣው ጣጣም ከዚሁ ልማድ ነው የመጣው።

ዘንድሮ ጋሽ በሺር ሰላም የሚላቸውን ሰው ዝም ብለው ማለፍ ጀመሩ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አርባ ዓመት ጎሚስታ ሆኖ የኖረው ገብረ ማርያም በሩ ላይ ተቀምጦ ሦስት ቅዳሜ እጁን አነሣ። ሦስቱንም ቅዳሜ አለፉት። እኛ ዘንድ ሰው መሬትህን ቢገፋ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ፤ ሰላምታ ከነፈገህ ግን የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ገብረ ማርያምም ሽማግሌ ጠራ። ዕድሜዬ ደርሷል ተብሎ አንዱ እኔ ሆንኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት አብሬያቸው ሐረጎን ስወርድ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ ነበር። ዱዓ መስሎኝ ጆሮዬን ሰጠሁ። "አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት..." ይላሉ። ኩርባዎቹን እየቆጠሩ ነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ደግሞ "ያ የቆመው ላም ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የቆመው ጤፍ የጫነ የጭነት መኪና ነበር።

ማታውኑ ልጃቸውን ቢልቂስን ጠየቅኳት። የትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ ወሬ አታበዛም። ሐኪሙ የአንዱ ዐይናቸው ነርቭ ሞቷል፣ ሁለተኛውም እየሄደ ነው፣ መሪ እንዳይነኩ ብሏል አለችኝ።

"ታዲያ ቁልፉን አትደብቂውም?"

"ቁልፍ የላትማ! በአዝራር ነው የምትነሣው። አልነዳም ካሉ ደግሞ ማየት አቆምኩ ማለታቸው ነው፤ እሱን ለራሳቸውም አልነገሩትም።"

እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ፈሪ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ልጅ መንገድ ቢያቋርጥስ እያልኩ አልተኛሁም፤ ግን አፌን አልከፈትኩም።

ሽምግልናው ገብረ ማርያም ሱቅ ውስጥ፣ በተደራረቡ ጎማዎች ላይ ተቀምጠን ሆነ። ሼህ ሀይደር መካከል፣ አንድ ጡረተኛ ዳኛ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ቢልቂስ አባቷን አድርሳ በሩ ላይ ቆመች።

"ሦስት ቅዳሜ!" አለ ገብረ ማርያም። "ሦስት ቅዳሜ እጄን አነሣሁለት። ምን በድዬው ነው? እዚሁ ይንገረኝ!"

ጋሽ በሺርን አንዲት ቃል ነፃ ታወጣቸው ነበር፤ "አላየሁህም" ቢሉ በቃ። ያቺን ቃል ካሉ ግን ወይዘሪቷን ዳግመኛ አይነዷትም።

"ንቆኝ ነው ብለህ ያዝልኝ" አሉ። "አጥፍቻለሁ። አፉ በለኝ።"

"ንቀኸኝ?" አለ ገብረ ማርያም። "አርባ ዓመት ጎማህን የለጠፍኩትን?"

ተናደድኩ። ሰው መሪ ላለመልቀቅ ብሎ የአርባ ዓመት ወዳጁን ሲጥል ማየት ያናድዳል። እውነቱን ላፈርጠው አፌን ከፈትኩ። ቢልቂስ ከበሩ ሆና አየችኝ። አባቷ ደግሞ ሁለት ጉልበታቸውን እንደ መሪ ጨብጠው ይዘዋል። ያሰብኩትን ትቼ ሌላ ፍርድ ፈጠርኩ።

"ጌቶቼ፣" አልኩ፣ ራሴን እንደ ትልቅ ዳኛ ቆጥሬ፣ "ጥፋቱ የእጅ ነው። መሪ የያዘ እጅ ሰላምታ አይሰጥም። ስለዚህ ካሳው ይህ ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ ወይዘሪቷ ከግቢ ስትወጣ ጋሽ በሺር ተሳፋሪው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ሁለት እጃቸው ለሰላምታ ነፃ ይሁን። መሪውን ሌላ ሰው ይያዝ።"

"ማን?" አሉ ጋሽ በሺር፣ ከጎማው ላይ ብድግ ብለው። "ወሎ ውስጥ እሷን የሚይዝ ማን አለ?"

"እኔ አለሁ አባየ" አለች ቢልቂስ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ራት ላይ ማንኪያውን ማርሽ አድርገው ሐረጎን ሲያስነዱኝ አልነበር? ወጡ እየቀዘቀዘ?"

ሼህ ሀይደር ጢማቸውን ዳሰሱ። "ቅጣቱ እስከ መቼ ነው?"

"የተበደለው ይብቃ እስኪል" አልኩ።

ጋሽ በሺር ወደ እኔ ዞሩ። ነገሩ ሁሉ ገብቷቸዋል። አፍጥጠው አዩኝ፤ ያፈጠጡት ግን ከእኔ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን፣ ግድግዳው ላይ ነው። ገብረ ማርያምም ይህን አየ። ተነሣና ፊታቸው ቆመ። ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው አነሣ። ጋሽ በሺር አልተንቀሳቀሱም። ገብረ ማርያም እጁን እንዳነሣ ጥቂት ቆየና አወረደው። ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ።

"እኔ ክፉ ሰው ነኝ" አለ። "ይብቃ አልልም። ዕድሜ ልኩን ይቀጣልኝ።"

"እሺ" አሉ ጋሽ በሺር፣ በቀጭን ድምፅ። "ካልክ እሺ።"

ሼህ ሀይደር መረቁ፤ እኛም አሚን አልን። ሽምግልናው በዚህ ተፈታ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቢልቂስ ትነዳለች። በደንብ ትነዳለች፤ ለአባቷ ግን ይህን የነገራቸው የለም። ተሳፋሪው ወንበር ላይ ሆነው ከሐረጎ ጫፍ እስከ ቦርከና ድልድይ ድረስ ይጮኹባታል። ኮምቦልቻ ሲገቡ ደግሞ ፍርዳቸውን በታማኝነት ይፈጽማሉ። ለሰውም፣ ለታሰረች በቅሎም፣ ለተዘጋ ሱቅም እጃቸውን ያነሣሉ። ሰውም፣ ገብረ ማርያም ይሁን የጀመረው አላውቅም፣ ወይዘሪቷ ስታልፍ ስሙን እየጠራ መጮህ ያዘ። "ገብረ ማርያም ነኝ!" ይላል አንዱ። "ለይላ ነኝ ጋሼ!" ትላለች ሌላዋ። እሳቸውም እያንዳንዱን በየስሙ ይመልሳሉ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የምገባ ሰው አይደለሁም። የደሴ ሰው ነኝ፤ ቅዳሜም ሥራ አለብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አጋጣሚ ሆኖ ኮምቦልቻ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ቅዳሜዎችም አጋጥሞኛል። የሞተሯ ድምፅ ሲመጣ ከመብራት ምሰሶው ጎን ቆሜ ስሜን ጮኽኩ፤ ለዕድሜዬ ከሚገባው በላይ ነው የጮኽኩት።

ጋሽ በሺር ዞሩ፣ ፊታቸው በራ፣ እጃቸውን አነሡ።

"ምን ያስጮህሃል አንተ! ገና ከሩቅ አይቼሃለሁ!" አሉ፣ ምሰሶውን ትክ ብለው እያዩ።

እኔም በምሰሶው ፈንታ እጄን አነሣሁ።