አጎንብሶ የገባው መኪና

የዚያን ቀን ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ይወርድ ነበር። ባልየው ዝናቡን ሽሽት አሮጌውን ቫን፣ ያንን ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለውን፣ ግቢው ጥግ ካለው መጋዘን አስገባው። ጣሪያው ከበሩ ጉበን ሥር ለጥቂት አለፈ፤ ሚስትየዋ ትንፋሿን ይዛ ነበር ያየችው። ባልየውን ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ የተማረው ነገር ባይኖርም የማያውቀው ነገር የለም። ሚስቱን ደግሞ እሱ ራሱ «ዝግታ» ይላታል፤ ነገር ቶሎ አይገባትም ብሎ። ሩቅ ከተማ ያለች ሴት ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ስለ ደረሰ፣ ከሰዓት በኋላ ሊነሡ ነው። ከተነሡ።

ኢንጂነሩ፦ ሞላው አልቋል ነው የምልሽ!

ዝግታ፦ ካለቀ ሙላበታ! ማደያው ቅርብ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ነዳጅ ማን አነሣ? ሞላ! መኪናውን የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት! አርጅቶ ቁጭ ብሏል። መኪናው እንዴት እንዳጎነበሰ አይታይሽም?

ዝግታ፦ ይታየኛል። እኔም አጎንብሻለሁ፤ ሞላ የቀየረልኝ ግን የለም።

ኢንጂነሩ፦ አዲሱን ስገጥምለት አራት ጣት ከፍ ይላል። እንደ ሙሽራ ቀጥ!

ዝግታ፦ (በሩን አንጋጣ እያየች) አራት ጣት? ሲገባ እኮ ከላይ የተረፈው ሁለት ጣት እንኳ...

ኢንጂነሩ፦ ይኸውልሽ! እኔ ስለ ታች አወራለሁ፣ አንቺ ስለ ላይ። ሞላ ያለው ከሥር ነው!

ዝግታ፦ ከሥር ያለው ሲነሣ፣ ከላይ ያለውስ...

ኢንጂነሩ፦ ዝግታ! ክሪኩን አቀብዪኝ!

(ታቀብለዋለች። መኪናውን በክሪኩ አንሥቶ፣ ጎማውን አውልቆ ከሥር ይገባል። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ።)

ኢንጂነሩ፦ በይ ፍቺው!

ዝግታ፦ ማንን?

ኢንጂነሩ፦ አሮጌውን ነዋ! የዛገውን!

ዝግታ፦ ውይ፣ በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል?

ኢንጂነሩ፦ ቡሎኑን ነው እኮ!

ዝግታ፦ ኧረ እንደዚያ በል! እኔ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አዘነልኝ ብዬ።

ኢንጂነሩ፦ (ቁልፉን ሞክሮ) ይሄ ቁልፍ ሰፋ። ሄደሽ ከጎረቤት አነስ ያለ ተዋሽልኝ። ፍጠኚ!

(ዝግታ ጃንጥላዋን ይዛ ትወጣለች። ትቆያለች። በጣም ትቆያለች። ጫፉ የሚንጠባጠብ ቀሚሷን እየጨመቀች፣ ቁልፉን ይዛ ትመለሳለች።)

ኢንጂነሩ፦ ቁልፍ አምጪ ብልሽ ብረት ልታቀልጪ ሄድሽ?

ዝግታ፦ መንገዱ ጭቃ ነው።

ኢንጂነሩ፦ የምን መንገድ? ጎረቤትሽ ከአጥሩ ማዶ አይደለም ወይ?

ዝግታ፦ እግረ መንገዴን የማየው ነገር ነበረኝ።

ኢንጂነሩ፦ ዝግታ ያልኩሽ በከንቱ አይደለም! ነይ፣ አዲሱን ሞላ ያዢልኝ። ሞላ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሲጫኑት ዝም ይላል፤ ዝም ይላል፤ የለቀቁት ቀን ግን ድንገት ይነሣል።

ዝግታ፦ እኔን ነው የምትለኝ?

ኢንጂነሩ፦ ብረቱን ነው!

(ሞላዎቹ ተቀየሩ። ጎማዎቹ ተመለሱ፤ ክሪኩ ወረደ። መኪናው ደረቱን ነፍቶ ቆመ።)

ኢንጂነሩ፦ እይና ተደነቂ!

ዝግታ፦ አምሮበታል። በል አውጣው፤ ልጄ ብቻዋን ናት።

(ሞተሩ ይነሣል። መኪናው ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ይሄዳል። ገጭ!)

ኢንጂነሩ፦ ምንድን ነው?

ዝግታ፦ የላዩ ነው። አንተ ስለ ታች ነበር የምታወራው።

ኢንጂነሩ፦ (ወርዶ ጉበኑን እያየ) ቆይ፣ ቆይ! ጎማውን አስተነፍሰዋለሁ!

ዝግታ፦ አስተንፍሰው። ከወጣ በኋላስ በምን ትነፋዋለህ?

ኢንጂነሩ፦ በመንፊያው ነዋ...

ዝግታ፦ አሻሽለዋለሁ ብለህ በፈታኸው? ግማሹ አልጋ ሥር ነው፤ ግማሹን ፈጣሪ ይወቀው።

ኢንጂነሩ፦ እንግዲያው ጉበኑን አፈርሰዋለሁ!

ዝግታ፦ የአከራያችንን ጉበን?

(ኢንጂነሩ ጥግ የጣላቸውን አሮጌ ሞላዎች ያያል።)

ኢንጂነሩ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አሮጌውን ሞላ መልሼ እገጥመዋለሁ።

ዝግታ፦ ጎበዝ! ቁልፉ ያው ከጎማው አጠገብ አለልህ፤ ምግብህ ምድጃው ላይ ነው። (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሻንጣ ከበሩ ጀርባ ታነሣለች።)

ኢንጂነሩ፦ ወዴት ነው?

ዝግታ፦ ልጄ ዘንድ። (ከጉያዋ የአውቶቡስ ትኬት ታወጣለች።)

ኢንጂነሩ፦ ይሄን ደግሞ መቼ ቆረጥሽው?

ዝግታ፦ ቁልፍ ተዋሽልኝ ስትለኝ።

ኢንጂነሩ፦ አሃ! እንደማይወጣ አውቀሽ ነበር! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

ዝግታ፦ ነግሬህ ነበር እኮ። (ጃንጥላዋን እየዘረጋች) ምን ላድርግ፣ ነገር ቶሎ አይገባህም።

አሁን እሷ ልጇ ቤት ናት፤ የልጅ ልጇን ታቅፋለች። ቫኑ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ኢንጂነሩም ከሥሩ።